«ከእንግሊዝ ጋር ተዋጉ» ሲባል ወዳጅ ነው ወይስ ጠላት? ስለ «ፋይት» የቀረበ ምላሽ

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው በአራት ኪሎና በፒያሳ አካባቢ የውጭ አገር እንግዶችን የሚያስጎበኙ ባለሙያ ናቸው። በአራት ኪሎው የድል ሐውልት ሥር ቆመው ስለ 1933 ዓ.ም. ሲያስረዱ፣ አርበኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሆነው ጣሊያንን እንደወጉ ለመግለጽ «ዘ ፓትሪየትስ ፎት ዊዝ ዘ ብሪቲሽ» ይላሉ። አንድ ጎብኚ ግን ነገሩን በተቃራኒው ተረድቶ «እንግሊዞችን ለምን ወጋችኋቸው? ጣሊያንን ያስወጡላችሁ እነርሱ አይደሉም ወይ?» ሲል ጠየቃቸው። ጠያቂያችን ማወቅ የሚፈልጉት፣ የተናገሩት ዓረፍተ ነገር ስሕተት መሆን አለመሆኑን፣ «ፋይት» የተባለው ግስ ከየት እንደመጣና በምን በምን አገባብ እንደሚውል፣ በመጨረሻም አርበኛን «ፓትሪየት» ማለት ለእንግዳ በቂ መሆኑን ነው። የእንግሊዝኛውን ቃላት እርሳቸው እንዳደረጉት እኔም በፊደላችን እጽፋለሁ።

ዓረፍተ ነገሩ የሰዋስው ስሕተት የለበትም፤ ጎብኚውም አሳስቶ አልሰማም። «ፋይት ዊዝ» የሚለው ጥምረት በእንግሊዝኛ «አብሮ ተሰልፎ ተዋጋ» ማለትም «ገጥሞ ተዋጋ» ማለትም ይሆናል፤ ከሁለቱ አንዱን የሚመርጠው ደግሞ ሰዋስው ሳይሆን አድማጩ ስለ ታሪኩ አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር ነው። አንድ እንግሊዛዊ አያቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት «ፎት ዊዝ ዚ አሜሪካንስ» ቢል አሜሪካኖችን ወጋ ብሎ የሚረዳው ሰው የለም፤ ሁለቱ ወገኖች አንድ ግንባር እንደነበሩ የታወቀ ነውና። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ ስለዘመተው የቃኘው ሻለቃ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ብንናገርም አንሳሳትም፤ ሻለቃው በአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተመድቦ እንደነበር የሚያውቅ ሁሉ ነገሩን በትክክል ይሰማዋል።

በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል ግን ታሪክ ራሱ ሁለቱንም ትርጉም እውነት አድርጎታል፤ የጠያቂያችን ችግር የሚመነጨውም ከዚህ ነው። በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ዘምቶ ሚያዝያ 3 ቀን እሮጌ ላይ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር ተዋጋ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 6 ቀን አምባው ሲሰበር እጅ ከመስጠት ይልቅ የራሳቸውን ሕይወት አጠፉ። ከ73 ዓመት በኋላ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻግረው ሲገቡ፣ በእንግሊዛዊው መኮንን በኦርድ ዊንጌት የሚታዘዘው የጌዴዎን ጦርና የጎጃም አርበኞች በአንድ ወገን ሆነው ጣሊያንን ወጉ። «ዚ ኢትዮጵያንስ ፎት ዊዝ ዘ ብሪቲሽ» የሚለው ዓረፍተ ነገር አንዲት ፊደል ሳይለወጥ ለሁለቱም ዘመን ይሠራል። ከመቅደላ የተዘረፉ ቅርሶች በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየምና በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ስለሚገኙ፣ ከዚያ አገር የመጣ ጎብኚ የሁለቱን አገሮች ስም አያይዞ ሲሰማ አስቀድሞ የሚታወሰው የ1860ው ጦርነት ቢሆን አያስገርምም። (ጣሊያንን ማን አስወጣ ለሚለው ደግሞ፣ አርበኞች እንግሊዝ ከመምጣቷ በፊት አምስት ዓመት ያህል ብቻቸውን ሲዋጉ እንደኖሩ ሳይነግሩ እንግዳውን ባያሰናብቱት መልካም ነው።)

ወደ ቃሉ ምንጭ ስንመጣ «ፋይት» ከጥንታዊው እንግሊዝኛ «ፌኦኽታን» የመጣ፣ ቋንቋው ከፈረንሳይኛና ከላቲን ብዙ ቃላትን ከመዋሱ በፊት የነበረ አገር በቀል ግስ ነው። የጀርመናዊ ቋንቋዎች የጋራ ሀብት በመሆኑ በደች «ቬኽተን»፣ በጀርመንኛ «ፌኽተን» ሆኖ ዛሬም ይገኛል፤ ልዩነቱ የደቹ አሁንም መዋጋትን ሲያመለክት፣ የጀርመንኛው በአብዛኛው ወደ ሻሞላ ግጥሚያ ስፖርት መጥበቡ ነው። ከዚያ ወደኋላ ሲኬድ ብዙ የሥርወ ቃል አጥኚዎች ቃሉን በላቲንና በግሪክ ፀጉርን ወይም ሱፍን ማበጠርን፣ መንጨትን ከሚያመለክት ሥር ጋር ያዛምዱታል። በላቲን በ«ፐ» የሚጀምሩ የጥንት ቃላት በእንግሊዝኛ በ«ፈ» መጀመራቸው የታወቀ ሕግ ስለሆነ (አባት በላቲን «ፓተር» በእንግሊዝኛ «ፋዘር»፣ ዓሣ «ፒስኪስ» እና «ፊሽ») በድምፅ በኩል ዝምድናው የሚያስኬድ ነው። ፀጉር ለፀጉር ተያይዞ መነጫጨት ጦርነትን ሊወልድ መቻሉ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ የእኛም «ተዋጋ» መነሻው በጦር ወይም በቀንድ መውጋት ነውና።

ተማሪዎችን የሚያስቸግረው የቃሉ አጻጻፍ መነሻውም እዚሁ ላይ ነው። በመካከሉ የሚጻፉት ሁለት የማይነበቡ ፊደላት በጥንት ጊዜ በትግርኛ «ኽ» እንደምንሰማው ያለ የጉሮሮ ድምፅ ነበሩ። ድምፁ በመደበኛው እንግሊዝኛ ሲጠፋ አጻጻፉ ግን እንደነበረ ቀረ፤ በስኮትላንድ አነጋገር ዛሬም «ፌኽት» የሚሉ አሉ። የኃላፊ ጊዜው «ፎት» መሆኑም ከዚያው ዘመን የወረደ ነው፤ ግሱ ጊዜን የሚለየው መጨረሻው ላይ ቅጥያ በመጨመር ሳይሆን ውስጣዊ አናባቢውን በመለወጥ ስለነበር «ፋይትድ» የሚባል ነገር የለም።

ይሁን እንጂ የጎብኚውን ጥያቄ ያስነሣው ግሱ አይደለም። ጥፋተኛው «ዊዝ» ነው። ይህ መስተዋድድ ዛሬ የእኛን «ጋር» የሚተካ ይምሰል እንጂ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ዋነኛ ትርጉሙ «በአንጻር፣ በተቃራኒ» ነበር። አብሮነትን የሚገልጸው ሌላ ቃል ሲሆን እርሱም «ሚድ» ይባል ነበር፤ የጀርመንኛው «ሚት» ወንድሙ ነው። በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በንጉሥ አልፍሬድ ዘመን መጻፍ የጀመረው የአንግሎ ሳክሶን ዜና መዋዕል ንጉሡና ወንድሙ የዴንማርክን ወራሪዎች ስለመግጠማቸው ሲተርክ «ዊዝ» የሚለውን ቃል የሚጠቀመው ጠላትን ለማመልከት ነው፤ በዚያ ዘመን የነበረ አንባቢ እንደ ዛሬው ጎብኚ የሚወዛገብበት ምክንያት አልነበረውም። ከጊዜ በኋላ «ዊዝ» የአብሮነትንም ትርጉም እየያዘ መጣ፤ ለዚህም በሰሜን እንግሊዝ የሰፈሩት የስካንዲኔቪያ ሰዎች ቋንቋ አስተዋጽኦ እንደነበረው ይታመናል። እስከ መካከለኛው ዘመን ማብቂያ ድረስ «ሚድ» ከአገልግሎት ወጥቶ ሥራው ሁሉ ለ«ዊዝ» ተላለፈ። ሁለቱም ቃላት ግን የቀድሞ መልካቸውን በተጣመሩ ቃላት ውስጥ ትተው አልፈዋል። «ዊዝስታንድ» መቋቋም፣ ማለትም በተቃራኒ ቆሞ መመከት ነው፤ አዋላጅ የምንላት «ሚድዋይፍ» ደግሞ በጥሬው «ከወላዷ ጋር ያለች ሴት» ማለት ናት።

ስለዚህ «ፋይት ዊዝ» ከሁለት ዘመናት የመጡ ሁለት ትርጉሞች ተደርበው የሚኖሩበት ሐረግ ነው። በዚህ ላይ መሣሪያና ሁኔታ ሲጨመሩ ነገሩ አራት ይሆናል፤ በጎራዴ መዋጋትም፣ በቆራጥነት መዋጋትም በእንግሊዝኛ «ዊዝ» ይላል። ከፒያሳ ወደ ለገሃር የሚወርደው ጎዳና በስሙ የተሰየመለት ዊንስተን ቸርችል እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1940 ለአገሩ ምክር ቤት ባደረገው ንግግር «እንዋጋለን» የሚለውን ቃል እየደጋገመ ሲናገር፣ አንደኛው ላይ «ዊዝ» አስከትሎበታል፤ ከ«ዊዝ» በኋላ የመጣው ግን ወዳጅም ጠላትም ሳይሆን «እያደገ የሚሄድ መተማመን» ነው። አማርኛ ይህን የመጨረሻውን ክፍል በ«በ» ለይቶ ስለሚያስቀምጠው ከአራቱ ሁለቱ ለእኛ አያሳስቱንም። የሚቀረው የወዳጅና የጠላት ጉዳይ ነው።

አማርኛችንስ ይህን እንዴት ይለያል? «ከጣሊያን ጋር ተዋጋ» ስንል አድማጭ ሁሉ ጣሊያንን ጠላት አድርጎ ይረዳል። ይህ የሚሆነው «ጋር» በራሱ ጠላትነትን ስለሚያሳይ ሳይሆን የግሱ አረባብ ተቃራኒ ወገን ስለሚጠይቅ ነው። ወጋ ሲባል አድራጊው አንድ ነው፤ ተዋጋ ሲባል ግን ሁለት ወገኖች እርስ በርስ ይወጋጋሉ። ደበደበ ተደባደበ፣ መታ ተማታ፣ ነከሰ ተናከሰ፣ ገደለ ተጋደለ የሚሉትን ሁሉ ብናይ የጠብ ግሶቻችን በብዛት በዚህ የመደራረግ ቤት ውስጥ ናቸው፤ «ከማን ጋር» የሚለውም የድርጊቱን ሌላኛ ተካፋይ የሚጠራ ማሟያ ነው። ወዳጅን ለማመልከት ስንፈልግ ሌላ ቃል እንጨምራለን፤ «ከእንግሊዝ ጋር ሆኖ»፣ «ከእንግሊዝ ጎን ተሰልፎ»፣ «ከእንግሊዝ ወግኖ» እንላለን። ጠያቂያችንም በአማርኛ ሲያስረዱ «ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሆነው» ማለታቸውን ልብ ይሏል። ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገሩ የወደቀችው «ሆነው» የምትለው ቃል ናት። እንግሊዝኛው «ፋይት» መደራረግን የሚያሳይ ቅጥያ የሌለው፣ ተቃራኒውን ሳይጠራ ብቻውን ሊቆም የሚችል ግስ ስለሆነ የ«ሆነው»ን ሥራ የሚሠራ ቃል ካላገኘ ሐረጉ ለሁለቱም ወገን ክፍት ሆኖ ይቀራል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለወዳጅ «አሎንግሳይድ»፣ ለጠላት «አጌንስት» ይበሉ። «ዘ ፓትሪየትስ ፎት አሎንግሳይድ ዘ ብሪቲሽ አጌንስት ዚ ኢታሊያንስ» ካሉ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ጠላትን ለመጥራት ያለ ምንም መስተዋድድ «ፎት ዚ ኢታሊያንስ» ማለትም ይቻላል፤ ለዓድዋ ይህኛው ይሻላል፤ አጭርና ቀጥተኛ ነው። ቡጢኞችም የሚጠሩት እንዲሁ ነው፤ ሙሐመድ አሊ እ.ኤ.አ. በ1971 ጆ ፍሬዚየርን መግጠሙን የስፖርት ጸሐፊ «ፎት ፍሬዚየር» ብሎ ይጽፋል። «ዊዝ»ን ከነአካቴው ይተዉት አልልም፤ አንድ ሰው ያገለገለበትን የጦር ክፍል በስሙ ሲጠሩ፣ ለምሳሌ «ፎት ዊዝ ዘ ጌዴዎን ፎርስ» ሲሉ፣ ሐረጉ ግልጽና ያማረ ነው። የአገር ስም ሲከተለው ግን ይጠንቀቁ።

ከጦርነት ውጭ ባለው አገባብ ረገድ በከተማችን በሰንደቅና በስብሰባ አዳራሽ መፈክር ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ጉድለት አለ። «ከድህነት ጋር መታገል» ወይም «ከሙስና ጋር መታገል» የሚለው አማርኛ እንከን የለውም፤ ቃል በቃል ሲገለበጥ የሚወጣው «ፋይት ዊዝ ፖቨርቲ» ግን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ይጎረብጣል፤ ክፉ አንባቢም ካጋጠመው ድህነትን አጋር አድርጎ የሚሰለፍ ድርጅት ያስመስላል። ሰው ያልሆነ ነገር ሲሆን «ፋይት ፖቨርቲ» ወይም «ፋይት አጌንስት ፖቨርቲ» ማለት ነው የሚገባው። እሳት አደጋ ሠራተኞች እሳትን፣ ሐኪሞች በሽታን፣ ጠበቃ የፍርድ ውሳኔን ሲታገሉ እንዲሁ ያለ «ዊዝ» ነው። ቃሉ ስም ሲሆን ግን ደንቡ ይላላል፤ የአንድ ሰው ከካንሰር ጋር ያደረገው ትግል በእንግሊዝኛ ጋዜጣ «ፋይት ዊዝ ካንሰር» ተብሎ ቢገኝ አይነቀፍም። ዓላማ ሲሆን «ፎር» ይገባል፤ ለነፃነት መታገል «ፋይት ፎር ፍሪደም» ነው። ሁለት ወገኖች የሚጣሉበትን ነገር፣ መሬት ይሁን ውርስ፣ ለመጥራት «ኦቨር» ይመረጣል።

በቤተሰብና በጎረቤት መካከል ሲውል ቃሉ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ከጦርነቱ ይልቅ የሰው ግንኙነት የሚበላሸውም በዚህ በኩል ነው። «ማይ ፓረንትስ ፎት» የሚል ልጅ ወላጆቹ በዱላ ተደባደቡ ማለቱ ላይሆን ይችላል፤ በአብዛኛው መጨቃጨቃቸውን ነው የሚናገረው። ድብድብ መኖሩን ማመልከት የፈለገ እንግሊዛዊ ሌላ ቃል ይጨምራል። የእኛም «ጠብ» በዚሁ መንገድ ተጉዟል፤ በግእዝ «ጸብእ» ጦርነት ነበረ፤ እግዚአብሔር ጸባኦት የምንለውም የሠራዊት ጌታ ለማለት ከዚያው ሥር የመጣ ነው። ዛሬ ጠብ ከምላስ እስከ ጡጫ ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። እስከዚህ ሁለቱ ቃላት አቻ ለአቻ ይሄዳሉ። «ተጣልተናል» ላይ ሲደርሱ ግን ይለያያሉ፤ ምክንያቱም እኛ ይህን ስንል የምንናገረው ያለፈውን ጭቅጭቅ ሳይሆን ዛሬም ድረስ የዘለቀውን መኳረፍ፣ ሰላምታ መቋረጡን ነው። «ዊ ፎት» ማለት ግን የሆነና ያበቃ ነገርን ይነግራል፤ ባልና ሚስቱ ማታ ተጨቃጭቀው ጠዋት አብረው ቁርስ ቢበሉም ይባላል። ስለዚህ ከባልደረባዬ ጋር ተጣልተናል ለማለት «ዊ ፎት» ካልን መልእክቱ በግማሽ ይቀራል፤ «ዊ ሃቭ ፎለን አውት» ወይም ቀጥታ መነጋገር አቁመናል ብሎ ማስረዳት ያስፈልጋል። ሽምግልና የሚፈልግ ጠብ ያለን መሆኑ እንጂ አንድ ቀን መጨቃጨቃችን አይደለም ልንናገር የፈለግነው።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። እንግሊዝኛ ግሱን ከራሱ ስም ጋር አጣምሮ «ፋይት ኤ ፋይት» ሊል ይችላል፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክት ምዕራፍ 4 ቁጥር 7 ላይ የምናውቀው አነጋገር በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ይኸው ነው። የእኛው ትርጉም «መልካሙን ገድል ተጋድዬአለሁ» ይላል፤ ግሱና ስሙ ከአንድ ሥር ወጥተው በዚያ ቦታ ከእንግሊዝኛው ጋር ትከሻ ለትከሻ ይገጥማሉ። ከዚህ ውጭ ግን «ተጋደለ»ን ሁልጊዜ በ«ፋይት» መተርጎም አልመክርም፤ የጻድቃን ገድል ሲነገር ጾሙ፣ ስግደቱና ትዕግሥቱ እንጂ ጦርነቱ አይደለም የሚታሰበው፤ እንግዳውም ሰማዕቱን ወታደር ያደርገዋል።

አሁን ወደ «ፓትሪየት» ልምጣ። ቃሉ ከግሪክ «የአንድ አገር ሰው» ከሚል ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን፣ ዛሬ የሚያመለክተው አገሩን የሚወድን ሰው ነው፤ ያ ሰው ጠመንጃ ነክቶ የማያውቅ የሒሳብ መምህር ሊሆን ይችላል። በአማርኛ አርበኛ ስንል ግን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ዱር ቤቴ ብሎ፣ አምባና ሸለቆ ይዞ ወራሪውን የተዋጋውን ሰው ፊታችን እናየዋለን። ስለ ዘመኑ የተጻፉ የእንግሊዝኛ ታሪኮች ቃሉን በትልቅ ፊደል እየጀመሩ እንደ መጠሪያ ስም ስለሚጠቀሙበት መተው አያስፈልግም፤ የታሪክ መጽሐፍ ያነበበ እንግዳ ይህንኑ ስም ይጠብቃል። ያላነበበው ግን «ፓትሪየትስ» ሲባል በሰልፍ ባንዲራ የሚያውለበልብ ሕዝብ ሊታየው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ስሙን ሲጠሩ «ዘ ፓትሪየትስ» ብለው፣ አያይዘውም «ሬዚስታንስ ፋይተርስ» የሚለውን ማብራሪያ ይጨምሩ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ማብራሪያው መጨረሻ ድረስ «ፓትሪየትስ» ብቻውን ይበቃል። «ፋይተርስ»ን ብቻውን ማስቀደም ግን አያስኬድም፤ ቃሉ ቡጢኛውንም፣ ተዋጊ አውሮፕላኑንም፣ የማንኛውንም ታጣቂ ቡድን አባል የሚጠራ በመሆኑ የማን ወገን እንደሆኑ አይናገርም።

ለሐውልቱ ሥር ማብራሪያ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ሐሳብ አቀርባለሁ፦ መጀመሪያ ወራሪው ማን እንደነበረና ከተማዋን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. እንደያዘ፤ ቀጥሎ አርበኞች «አጌንስት ዚ ኢታሊያንስ» አምስት ዓመት እንደተዋጉ፤ ከዚያም በመጨረሻዎቹ ወራት «አሎንግሳይድ ዘ ብሪቲሽ» እንደተሰለፉ፤ በመጨረሻም ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው በሚያዝያ 27፣ በ1933 ዓ.ም.፣ ወደ አዲስ አበባ እንደተመለሱ። እንግሊዝ በታሪኩ ውስጥ የምትገባው ጣሊያን አስቀድሞ ጠላት ተብሎ ከተጠራ በኋላ ስለሆነ፣ ምላስ ቢያዳልጥና «ዊዝ» ቢያመልጥዎ እንኳ እንግዳው እንዳለፈው አይሳሳትም።